ሰው-ተኩላን በብልሃት ማጥመድ በአስቂኝ ምናባዊ ድርሰት

ሰው-ተኩላን በብልሃት ማጥመድ በአስቂኝ ምናባዊ ልብ ወለዶችና ፊልሞች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ የታሪክ ዘዴ ነው። ባለታሪኩ አስማት አያውቅም፣ የብር ጥይትም በኪሱ የለም፤ ያለው በአቅራቢያው የተገኘ ዕቃ ብቻ ነው፦ ገመድ፣ የፈላ ውኃ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ አሻንጉሊት፣ የምልክት ርችት። በዚህ ዕቃ አውሬውን ያታልላል፣ ያስራል ወይም ይገድላል። የሚያስቀው የመሣሪያው ተራነትና የአደጋው ትልቅነት አለመመጣጠናቸው ነው። ታሪኩን የሚያከብደው ደግሞ ወጥመድ ውስጥ የገባው አውሬ ሲነጋ ሰው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አጥማጁ እንዴት እንደሚይዘው ብቻ ሳይሆን ከያዘው በኋላ ምን እንደሚያደርገውም ማሰብ አለበት።

ስያሜ

ፍጡሩ በአማርኛ «ሰው-ተኩላ»ም «ተኩላ-ሰው»ም ይባላል፤ እዚህ የመጀመሪያው ተወስዷል። በኢትዮጵያ የቆየ እምነት ውስጥ የዚህ ፍጡር የቅርብ ዘመድ ጅብ ነው፤ ቡዳ የተባለ ሰው ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላል።

«የብር ጥይት» ሲባል የሚታሰበው ማዕድኑ እንጂ ገንዘቡ አይደለም። በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የተገበያየው ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ግን ሁለቱንም ነበር፤ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን 83 በመቶ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በፊልሞቹ ሕግ ከሄድን አንድ ጠገራ ቀልጦ ሁለት ሦስት ጥይት ይወጣዋል።

ከቀልዱ በፊት የነበረው

ሰው-ተኩላና ቀልድ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ሮማዊው ጸሐፊ ፔትሮኒየስ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው «ሳቲሪኮን» ውስጥ ኒኬሮስ የተባለ ሰው በግብዣ ላይ «በዓይኔ ያየሁት ነው» እያለ የሚተርከው ታሪክ አለ። ሌሊት አብሮት የሚጓዝ ወታደር መቃብሮች አጠገብ ሲደርሱ ልብሱን ያወልቃል፣ በልብሱ ዙሪያ ይሸናል፣ ከዚያም ተኩላ ሆኖ እየጮኸ ጫካ ይገባል። ኒኬሮስ ልብሱን ላንሳ ቢል ልብሱ ድንጋይ ሆኗል። ሊጠይቃት የሄደው ሴት ቤት ሲደርስ ተኩላ መንጋዋን እንደፈጀና አንድ ባሪያ አንገቱን በጦር እንደወጋው ይሰማል። ሲመለስ ወታደሩ አልጋ ላይ ተጋድሞ ሐኪም አንገቱን ሲያክመው ያገኘዋል። የግብዣው ተጋባዦች ይደነግጣሉ፤ አንባቢው ግን የተራኪውን ፍርሃት እያየ ይስቃል።

ቁስሉ ከአውሬው ወደ ሰውየው መሻገሩ በኢትዮጵያ የቡዳ ወሬም ውስጥ አለ፤ ሌሊት የተመታ ጅብ ጠዋት ቁስሉ በሰው ላይ ይገኛል ይባላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገሪቱ ውስጥ የኖሩ እንግሊዛውያን በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ ጽፈው አስቀርተዋል። ወሬው ተረት ሆኖ አልቀረም። «ቡዳ» የሚለው ስም በብዛት የሚለጠፈው በአንጥረኞች፣ በሸክላ ሠሪዎችና በቤተ እስራኤል ላይ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ሰዎች ከማኅበር ተገልለዋል፣ ጉዳትም ደርሶባቸዋል። በአውሮፓም እንዲሁ ነበር፤ ፒተር ሽቱምፕ የተባለ ገበሬ በእ.ኤ.አ. 1589 በጀርመን ኮሎኝ አቅራቢያ በምትገኘው ቤድቡርግ ሰው-ተኩላ ነህ ተብሎ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገድሏል። የዛሬው አስቂኝ ድርሰት ከወጥመዱ ማዶ ያለው ማን እንደሆነ ደጋግሞ የሚጠይቀው ይህን የመሰለ ታሪክ ከኋላው ስላለ ነው።

እውነተኛ ወጥመድም ሳይታሰብ አስቂኝ የሆነበት ጊዜ አለ። በደቡብ ፈረንሳይ ዤቮዳን በተባለው አውራጃ ከእ.ኤ.አ. 1764 እስከ 1767 ድረስ ተኩላ የሚመስል አውሬ ብዙ ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ከብት የሚጠብቁ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። አውሬውን እንዲያድን የተላከው ሻምበል ዱአሜል ወታደሮቹን የሴት ልብስ አልብሶ ማባበያ አደረጋቸው። አውሬው አልተታለለም። በሰኔ 1767 ዣን ሻስቴል የተባለ የአካባቢው ነዋሪ በጥይት የገደለው እንስሳ ከተጣለ በኋላ ግድያው ቆመ። ሻስቴል በብር ጥይት ተኮሰ የሚባለው በኋላ የመጡ ደራስያን የጨመሩት ነው።

ብር፣ ጨረቃና ጓዳ

ብር ሰው-ተኩላን ይገድላል የሚለውን ሕግ በዓለም ላይ ያሰራጨው በዋናነት ሲኒማ ነው። ኩርት ሲዮድማክ በጻፈው በ1941ቱ «ዘ ዎልፍ ማን» ፊልም አውሬ የሆነው ላሪ ታልቦት የሚሞተው አባቱ ጫፉ ብር በሆነ ከዘራ ሲመታው ነው። ከዘራው የተሠራው ለአደን አልነበረም፤ በእጅ ተገኘ፣ ተመታበት። አባትየው የመታው ማን እንደሆነ ያወቀው ከመታው በኋላ ነው። አስቂኞቹ ሥራዎች የወረሱት ሁለቱንም ነው፣ የተገኘውን ዕቃም፣ የዘገየውን ማወቅም።

ብርን ከጓዳ አግኝቶ ጥይት ማድረግ በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር ቀላል አይደለም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በቤት ምድጃ ላይ ይሆናል፤ ብር ግን 962 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም የአንጥረኛ ወናፍ ወይም የብየዳ እሳት ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙው «የብር ማንኪያ» ውስጡ ሌላ ብረት ሆኖ በስስ ብር የተለበጠ ነው። ፍሬድ ዴከር በ1987 የሠራው «ዘ ሞንስተር ስኳድ» ይህን ችግር በከፊል አስቦበታል፤ ልጆቹ የብር ጥይታቸውን የሚሠሩት በትምህርት ቤታቸው የብረታ ብረት ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ፊልም ሰው-ተኩላው በድማሚት ተበጣጥሶ እንኳ መልሶ ይገጣጠማል፤ የሚሞተው በልጆቹ ጥይት ብቻ ነው። ሰውየው ገና ሰው ሳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እንዲያስሩት ለምኖ ነበር፤ የሰማው የለም። ሲሞትም የተኮሰበትን ልጅ ያመሰግናል። ለልጆች ቀልድ በተሠራ ፊልም ውስጥ ይህ ቦታ ብቻውን ይቆማል።

ወጥመድ ምን ምን አለው

ማንኛውም ወጥመድ ሦስት ነገር አለው፦ ማባበያ፣ ማስፈንጠሪያና መያዣ። ማባበያው እንስሳውን ይጠራል፣ ማስፈንጠሪያው ሰዓቱን ይመርጣል፣ መያዣው መውጫ ይነሳዋል። የድሮ አውሮፓውያን ተኩላ ማጥመጃ ጉድጓድ ሦስቱንም በቀላሉ ያሟላ ነበር፤ ሥጋ፣ በቅጠል የተሸፈነ ስስ ርብራብ፣ ለመዝለል የማይመች ጥልቀት።

በድርሰት ውስጥ መያዣው ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ ሰው-ተኩላ ገመድ ይበጥሳል፣ በር ይገነጥላል። የሚሠራው ማባበያው ነው። ወጥመድ በመሠረቱ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ሁኔታው በስህተት ከተገመተ የቀረው ቢያምርም ዋጋ የለውም። የኒል ማርሻል የ2002 ፊልም «ዶግ ሶልጀርስ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፊልሙ ከሳቅ ይልቅ ወደ ድንጋጤ ያደላል፣ የወታደሮቹ ቀልድ ግን እስከ መጨረሻው አይቋረጥም። በስኮትላንድ ተራሮች ለልምምድ የወጡ እንግሊዛውያን ወታደሮች በአንድ ገጠር ቤት ውስጥ ይከበባሉ። የፈላ ውኃ ይደፋሉ፣ በመጥበሻ ይማታሉ፣ የሰርጀንታቸውን ሆድ በሱፐር ግሉ ይለጥፋሉ። ከዚያ አውሬዎቹ የተደበቁት ጎተራ ውስጥ ነው ተብለው ላንድሮቨሩን በነዳጅና በጋዝ ሲሊንደር ሞልተው ይልኩና ጎተራውን ያጋያሉ። ፍንዳታው እንደታሰበው ይሆናል። ጎተራው ግን ባዶ ነበር፤ መረጃውን የሰጠቻቸው ሴት ከአውሬዎቹ ወገን ናት፣ የተከበቡበት ቤትም የአውሬዎቹ መኖሪያ ነው። ወታደሮቹ ወጥመድ ሲሠሩ ያመሹት ራሳቸው ወጥመድ ውስጥ ተቀምጠው ነው።

ሰው-ጥንቸሉ

ዘዴው እስከ ጫፉ የተሄደበት ሥራ ተኩላ የሌለበት ነው። ኒክ ፓርክና ስቲቭ ቦክስ ያዘጋጁት፣ የእንግሊዙ አርድማን ስቱዲዮ በፕላስቲሲን አሻንጉሊቶች ፎቶ በፎቶ እያነሣ የሠራው «ዋላስና ግሮሚት፦ የሰው-ጥንቸሉ እርግማን» በ2005 ወጥቶ በተከታዩ ዓመት የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካር አግኝቷል። ፊልሙ የድሮዎቹን የሰው-ተኩላ ፊልሞች ከሙሉ ጨረቃው እስከ ተቆጣው መንደር ድረስ እየተከተለ በተኩላው ቦታ ጥንቸል ያስገባል።

ዋላስ አይብ የሚወድ፣ ማሽን መፍጠር የማይሰለቸው ሰው ነው፤ ግሮሚት ቃል የማይናገር ውሻው ነው። ሁለቱ የመንደሩን አትክልት ከጥንቸል የሚጠብቅ ድርጅት አላቸው። ትልቅ የአትክልት ውድድር ስለተቃረበ እያንዳንዱ ቤት ዱባውንና ካሮቱን እንደ ልጅ ያሳድጋል። ድርጅቱ ጥንቸሎቹን አይገድልም፤ በመምጠጫ ማሽን ከየጉድጓዳቸው ስቦ ቤት ወስዶ ያስቀምጣቸዋል፣ ይቀልባቸዋልም። ዋላስ ጥንቸሎቹን አትክልት ለማስጠላት አእምሯቸውን በማሽን ሊቀይር ሲሞክር ነገሩ ይበላሻል፤ ከዚያ ወዲህ ጨረቃ ስትሞላ አትክልት የሚያወድም ግዙፍ ጥንቸል ይመጣል።

ያንን አውሬ ለመያዝ የተሠራው ወጥመድ የፊልሙ ምርጥ ክፍል ነው። በድርጅቱ መኪና ጣሪያ ላይ በገመድ የሚንቀሳቀስ ግዙፍ የሴት ጥንቸል አሻንጉሊት ይተከላል፤ ከውስጥ ሆኖ እጆቿንና ወገቧን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ያስፈልጋል። ዋላስ ወጣ ብሎ ሳይመለስ ይቀራል፤ ግሮሚት ብቻውን አሻንጉሊቷን ማስጨፈር ይጀምራል። አውሬው ይመጣል። ማባበያው ሠርቷል፣ መያዣው ግን መኪናውን ራሱን ይዞ እስኪሮጥ ድረስ ደካማ ነው። የዤቮዳን ወታደሮች በሴት ቀሚስ ያላሳኩትን አንድ ውሻ በአሻንጉሊት አሳካ ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ እስከ ግማሹ።

አውሬው ዋላስ ራሱ መሆኑን ተመልካቹና ግሮሚት ሲያውቁ ወጥመዱ ትርጉሙን ይቀይራል። ከዚህ በኋላ ግሮሚት ጓደኛውን ከሌላ አዳኝ ማስጣል አለበት። አዳኙ ቪክተር ኳርተርሜይን ነው፤ ጠመንጃ ይወዳል፣ ዋላስ የሚወዳትን ሌዲ ቶቲንግተንንም ይፈልጋል፣ አውሬው ማን እንደሆነም ያውቃል። ይዞት የሚሄደው 24 ካራት የወርቅ ጥይት ነው። በእንግሊዝኛ ካራትና ካሮት አንድ ዓይነት ድምፅ ስላላቸው ጥይቱ የካሮት ቀልድ ነው፤ ይህ ቀልድ በአማርኛም ከሞላ ጎደል ሳይሞት ይሻገራል። ጥይቱ ሲያልቅበት የውድድሩን ሽልማት፣ የወርቅ ካሮቱን፣ ጠመንጃ ውስጥ ይጨምራል። ብልሃት የደግ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ፊልሙ በዚህ ያሳያል።

ግሮሚት በበኩሉ ለውድድሩ ሲንከባከበው፣ ሌሊት ሲያለብሰው የከረመውን የዱባ ዘር ለአውሬው ማባበያ አድርጎ ይሰጣል። አትክልቱ ይበላል፣ ዋላስ ለጊዜው ከጥይት ይርቃል። ወጥመድ ሠሪ ለማባበያ የሚከፍለው ዋጋ እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ሥራ ጥቂት ነው።

መጨረሻ ላይ ዋላስ ከፎቅ ወድቆ አይብ የሚሸጥበት ድንኳን ውስጥ ይተኛል፤ ውጭ ሕዝቡ አውሬውን ለመጨረስ መሣሪያ ይዞ ቆሟል። ግሮሚት ያቺን የሴት ጥንቸል አሻንጉሊት መልሶ ያወጣና ቪክተርን ያለብሰዋል። ሕዝቡ ረጅም ጆሮ አይቶ ቪክተርን ያሳድዳል። አውሬውን ለመያዝ የተሠራው ዕቃ የያዘው ሕዝቡን ነው፤ ሕዝቡም እንደ አውሬው ሁሉ የሚሮጠው ባየው ቅርፅ ላይ ነበር።

ቫይምስና ርችቱ

በልብ ወለድ በኩል የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው ቴሪ ፕራቼት «አምስተኛው ዝሆን» ነው፤ በ1999 የታተመ፣ የዲስክወርልድ ተከታታይ 24ኛ መጽሐፍ። የከተማ ዘብ አዛዥ የሆነው ሳም ቫይምስ ለድንኮች ንጉሥ የዘውድ በዓል አምባሳደር ሆኖ ኡበርቫልድ ወደምትባል ጫካማ አገር ይላካል። እዚያ አንድ የሰው-ተኩላ መኳንንት ቤተሰብ አለ፤ ሴት ልጃቸው አንግዋ የቫይምስ ባልደረባ የሆነች ሰርጀንት ናት፣ ወንድሟ ቮልፍጋንግ ግን ሰውን እንደ ጨዋታ የሚያድን ነው። ጨዋታው ሕግ አለው፤ ሯጩ አስቀድሞ ይለቀቃል፣ ካመለጠ ይሸለማል። ቮልፍጋንግ ሕጉን አያከብርም። ቫይምስ በበረዶ ውስጥ ሲሮጥ ያለው ነገር የሰፈር ልጅ ሆኖ የተማረው የጎዳና ድብድብና ሦስት ብቸኛ እህትማማቾች የሰጡት ሱሪ ነው። እህትማማቾቹ ከቼኾቭ ተውኔቶች የመጡ መሆናቸውን የሩስያ ሥነ ጽሑፍ ያነበበ ወዲያው ያውቃል።

ፕራቼት መጀመሪያ ቀጥተኛውን ድብድብ ያስቀምጣል። ሻምበል ካሮት፣ ስሙ እንጂ ከላይኛው አትክልት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ደግና ጠንካራ ሰው፣ ቮልፍጋንግን በደንብና በሥርዓት ይገጥመዋል። ይሸነፋል፣ ሊሞትም ይደርሳል፤ የሚያስጥለው ጋቪን የተባለ እውነተኛ ተኩላ ነው፣ ለዚያም በሕይወቱ ይከፍላል። በሰው-ተኩላ ፊት ጀግንነት በቂ እንዳልሆነ አንባቢው በዚህ ያምናል።

ከዚያ ቮልፍጋንግ ወደ ከተማ ይመለሳል፣ ቫይምስም ይጠብቀዋል። በእጁ የተገኘው ከማማ ወደ ማማ መልእክት ለማስተላለፍ የሚያገለግል የምልክት ርችት ነው። በዲስክወርልድ ሰው-ተኩላን ብርና እሳት ይጎዱታል። ቫይምስ ግን በእሳቱ ብቻ አይተማመንም፤ የሚተማመነው ቮልፍጋንግ ምንም ያህል ኩሩ ቢሆን ግማሹ ውሻ በመሆኑ ላይ ነው። ወደ ውሻ የተወረወረ ነገር ይያዛል። ቮልፍጋንግ ሳያስብ ይይዘዋል፣ ርችቱም ይፈነዳል።

ወጥመዱ አንድም ሽቦ የለውም፤ ማባበያው፣ ማስፈንጠሪያውና መያዣው ሁሉ በአዳኙ ጠባይ ውስጥ ነው። ፕራቼት የጨመረው አንድ ነገር መጽሐፉን ከተራ ጀብዱ ይለየዋል። ቫይምስ በዚያች ቅጽበት የሚላቸው አስቂኝ ቃላት ወደ አፉ ይመጣሉ፤ የጀብዱ ፊልም ጀግና ቢሆን አንዱን ይለው ነበር። አይልም፣ ምክንያቱም ከቀለደበት ያደረገው ነገር ግድያ ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል። ቮልፍጋንግን በሕግ ሊይዘው መጥቷል፣ አልያዝም ብሏል፣ ሞቷል። ይህ ከግድያ በምን ይለያል ለሚለው ጥያቄ ቫይምስ ያለው መልስ ዝምታው ነው። በአስቂኝ መጽሐፍ ውስጥ ደራሲው በጣም የሚያስቀውን ቦታ ሆን ብሎ ሳይቀልድበት ማለፉ ብዙ ጊዜ የማይደፈር ነገር ነው።

ራስን ማጥመድ

የመጨረሻው ዓይነት አውሬው ለራሱ የሚሠራው ወጥመድ ነው። ታይካ ዋይቲቲና ጄሜይን ክሌመንት በ2014 በሠሩት፣ በኒው ዚላንድ ዋና ከተማ ዌሊንግተን በሚኖሩ ደም መጣጮች ላይ በሚያተኩረው «ዋት ዊ ዱ ኢን ዘ ሻዶውስ» የሰው-ተኩላዎች ቡድን አለ። መሪያቸው አንቶን ጨዋነት የሚወድ፣ ስድብ የሚከለክል ሰው ነው። ሙሉ ጨረቃ ስትቃረብ ጫካ ሄደው የሚለጠጥ ቱታ ይለብሳሉ፣ ልብሳቸው እንዳይቀደድ፤ ከዚያ ራሳቸውን በሰንሰለት ከዛፍ ጋር ያስራሉ። ዝግጅቱ የሽርሽር ያህል ተራ ነው፣ የሚያስቀውም እሱ ነው። ሰንሰለቱ ግን አይበቃም፤ ደም መጣጮቹ በዚያው ሌሊት ከሰው ወዳጃቸው ከስቱ ጋር እዚያው ይደርሳሉ፣ ስቱም ይነከሳል። ሞቷል ተብሎ ሲለቀስለት ይቆይና በመጨረሻ ሰው-ተኩላ ሆኖ ይመለሳል፤ ሁለቱ ወገኖችም በእሱ ምክንያት አንድ ቤት ውስጥ መቀመጥ ይጀምራሉ።